«ሁለተኛው የድምፅ መሣሪያ»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክና ችግሩ

ድምፅን የሚቀዱ፥ የሚያጐሉና የሚያሰሙ መሣሪያዎች ወደ አገራችን መግባት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አማርኛ ለእነዚህ መሣሪያዎች ያወጣቸው ስሞች እንዴት እንደ ተፈጠሩ፥ የትኞቹ በሕዝብ አፍ እንደ ጸኑና የትኞቹ ከጽሑፍ ገጽ ሳይወጡ እንደ ቀሩ መከታተል ለስያሜ ሥራ ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። እዚህ የምንመረምረው ግን የዚህን ታሪክ አንድ ጠባብ ጫፍ ብቻ ነው። ይኸውም በዩኒክስና ዩኒክስን በሚመስሉ የኮምፒዩተር ሥርዐቶች፥ ማለት በሊኑክስ፥ በኦፕን ቢኤስዲና በመሰሎቻቸው፥ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ የድምፅ መሣሪያ ሲገኝ ተጨማሪውን በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው የሚለው ጥያቄ ነው። «ሁለተኛ የድምፅ መሣሪያ» የሚለው ትርጕም ቃል በቃል ትክክል ይመስላል። ሆኖም ከሦስቱ ቃላት አንዱም እንኳ ያለ ችግር የማያልፍ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ድምፅዋን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መላኳ፥ እነርሱም በዚሁ መሣሪያ መልስ መስጠታቸው የታወቀ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈኖቻቸውን አስቀዱ። ያን ጊዜ ድምፁ የታተመበት ዝርግ ሰሌዳ ከሼላክ የተሠራ፥ ሲወድቅ እንደ ገል የሚሰባበር ስለ ነበረ «ሸክላ» የሚለው ስም በድምፁም በጠባዩም የተስማማው ሆነ። ኋላ የማይሰበረው የቪኒል ሰሌዳ ሲመጣም ስሙ አልተለወጠም። ሕዝብ ስም የሚያወጣው ለዕቃው ጠባይ ሲሆን፥ ጠባዩ ሲለወጥ ስሙን ለመለወጥ አይቸኵልም። ይህን የስያሜ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ተመርቆ ሲከፈት፥ ከዚያም ሬዲዮ፥ ቴፕና ካሴት እየተስፋፉ ሲሄዱ አማርኛ ሁለት መንገዶችን ተከተለ። አንደኛው መንገድ የመሣሪያ ስም ማውጫውን የተለመደ ርባታ መጠቀም ነው፤ ከአጫወተ ማጫወቻ፥ ከአጐላ ማጕያ፥ ከቀዳ መቅጃ፥ ከአዳመጠ ማዳመጫ ተገኘ። በዚህ መንገድ የተወለዱት ቃላት መሣሪያውን የሚጠሩት በሚሠራው ሥራ ነው እንጂ በቅርጹ ወይም በተራው አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ «ማጫወቻ» ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ጨዋታ በአማርኛ ወግም ስለ ሆነ ማጫወቻ ማለት ሰውን አብሮ ተቀምጦ የሚያወጋ ዕቃ ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ የግዕዝ ዘርፍና ባለቤት ሲሆን «መቅረጸ ድምፅ» የዚህ ልጅ ነው። ቃሉ ጥሩ ነው፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝና በጋዜጣ ላይ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ገበያ ውስጥ ግን «ቴፕ» ያለው ሰው እንጂ «መቅረጸ ድምፅ አለህ?» ብሎ የጠየቀ ሻጭና ገዢ አልሰማንም። ከሁለቱም መንገዶች ውጭ የሕዝቡ የራሱ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የንግድ ምልክትን የዕቃው የወል ስም ማድረግ ነው። በየመንገዱ ዳር ሸቀጥ የሚያስተዋውቀውን ትልቅ የድምፅ ሣጥን አዲስ አበቤው ሁሉ «ሞንታርቦ» ይለዋል፤ ስሙ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

«ቀዳ» የተባለው ግስ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ በብርጭቆ ይቀዳል፤ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ይቀዳል፤ ድምፅም በቴፕ ይቀዳል። ስለዚህ «የድምፅ ቅጂ» የተባለው ነገር በመጀመሪያ የተቀዳው ድምፅ ራሱ ይሁን ወይስ ከእርሱ የተባዛ ሌላ ድምፅ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። «ገለበጠ»ም እንዲሁ ነው። ካሴት ይገለበጣል፥ ማለት ሌላው ገጹ ይዞራል፤ ካሴት ወደ ካሴት ይገለበጣል፥ ማለት ይባዛል፤ የተቀዳ ቃልም ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። በደብዳቤ ግርጌ የሚጻፈው «ግልባጭ» ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው።

ይህ ለቋንቋ ሰው ብቻ የሚሆን ጭንቀት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ምስክር የሚሰጠው ቃል በጽሑፍ እንዲያዝ ያዛል። ኋላ ፍርድ ቤቶች ቃሉን በድምፅ መቅዳትና ከዚያ ማጻፍ ሲጀምሩ፥ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት የሚታዩ ጉዳዮችን የሚከታተል አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው አነጋገር ተፈጠረ፤ የምስክሮች ቃል ከመቅረጸ ድምፅ «ተገልብጦ ባለመቅረቡ» ቀጠሮ ተለወጠ ይባላል። እዚህ ላይ «ተገልብጦ» ማለት «ተባዝቶ» ማለት ቢሆን ሥራው የደቂቃ ነበር፤ «ወደ ጽሑፍ ተመልሶ» ማለት በመሆኑ ግን የሳምንታት ሥራ ነው። ተከሳሹ በእስር የሚቆይበት ጊዜ በዚህ አንድ ግስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። (በነገራችን ላይ፥ «መቅጫ»ና «መቅጃ» በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ መሆናቸው ለጸሓፊዎች ፈተና ነው፤ የሕጉ ስም «የወንጀለኛ መቅጃ» ተብሎ ቢታተም ትርጕም የሌለው ስሕተት አይሆንም።)

አሁን ወደ ተነሣንበት ሐረግ እንመለስ። «ድምፅ» በአማርኛ የሚሰማም የሚሰጥም ነው። «የድምፅ ካርድ» የሚለውን ቃል ያለ ዐውድ ያነበበ ሰው ከኮምፒዩተሩ ሰሌዳ በፊት የምርጫ ጣቢያ ትዝ ይለዋል። «መሣሪያ»ም ጠመንጃ ነው፤ ክራርም ነው፤ መዶሻም ነው። ዐውድ ይለየዋል እንል ይሆናል፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ገበታ ላይ የሚታዩት ቃላት ብዙውን ጊዜ ዐውድ የላቸውም፤ ሁለት ቃል በአንድ መስመር ላይ ተጽፈው ይቀራሉ። ከዚህ የከፋው «ድምፅ ማጕያ» ነው። በንግግርም በመዝገበ ቃላትም ይህ ቃል ለማይክሮፎኑም፥ ድምፁ ለሚወጣበት ሣጥንም ያገለግላል። በአዳራሽ ውስጥ ይህ አያስቸግርም፤ ሁለቱ በአንድ ሽቦ ተያይዘው አንድ ሥራ ይሠራሉና። በኮምፒዩተር ላይ ግን አንደኛው የግብዓት ሁለተኛው የውጽአት መሣሪያ ስለ ሆነ በሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ይቀመጣሉ። በሁለቱም ዝርዝር ራስጌ «ድምፅ ማጕያ» ተብሎ ከተጻፈ ተጠቃሚው የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም። ስለሆነም «ማይክሮፎን» የተባለውን እንግዳ ቃል ባለበት ትተን «ድምፅ ማጕያ»ን ለውጽአቱ ብቻ እንድንወስነው እንመክራለን። ከውጭ የተዋሰነው ቃል አንዳንድ ጊዜ ከአገር ቃል ይልቅ ግልጽ ነው።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ቃሉ በግዕዝ ሥሩ «ድምፅ» ነው፤ በብዙ ጽሑፍ ግን «ድምጽ» ተብሎ ይገኛል። አንባቢ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒዩተር ግን አያነብም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት ለፀና ለጸ የተለያየ ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ መመሪያው በአንዱ ተጽፎ ፈላጊው በሌላው ቢፈልግ «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። የፊደል ጠባቂዎችን ክርክር እንደ ከንቱ ነገር ይቈጥሩት የነበሩ ሰዎች በዚህ ዘመን ምክንያቱን በሌላ በር አግኝተውታል።

የዩኒክስን ታሪክ በአጭሩ ካላየን የቀረው ጉዳይ አይገባንም። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ ሥርዐት ነው። ከመሠረተ ሐሳቦቹ አንዱ መሣሪያን ሁሉ እንደ ፋይል መቍጠር ነው። ማተሚያውም፥ የጽሕፈት ገበታውም፥ የመረጃ ማኖሪያውም «ዴቭ» በሚባል ማውጫ ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል ስም ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ፤ ወደ ፋይሉ መጻፍ ወደ መሣሪያው መላክ፥ ከፋይሉ ማንበብም ከመሣሪያው መቀበል ነው። ድምፅ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ዘግይቶ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሰን ኩባንያ ስፓርክስቴሽን 1 ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣ አካል ነበረው፤ ፋይሉም በዴቭ ሥር «ኦዲዮ» ይባል ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ከጀመረ በኋላ ፊንላንዳዊው ሃኑ ሳቮላይነን የድምፅ ካርድ ማንቀሳቀሻ ሶፍትዌር ጻፈለት፤ በዚያም «ዲኤስፒ» የተባለው ፋይል ታወቀ። ሌላ ካርድ ሲጨመር «ዲኤስፒ1» ተባለ። በዚያ ዘመን ብዙው ካርድ በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮግራም በላይ አያስተናግድም ነበር። አንዱ ፕሮግራም ፋይሉን ከከፈተ ሌላው «መሣሪያው ተይዟል» ከሚል መልስ በቀር ምንም አያገኝም። ስለዚህ ተጨማሪ ካርድ ማስገባት የቅንጦት ነገር አልነበረም፤ እየሰሙ ለመቅዳት ወይም ሁለት ድምፅ ለየብቻ ለማስወጣት ቀላሉ መንገድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ያሮስላቭ ኪሴላ የተባለው ቼክ «አልሳ» የሚባለውን አዲስ የድምፅ ሥርዐት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በወጣው የሊኑክስ 2.6 ከርነልም መደበኛው ሆነ። በአልሳ ካርዶች የሚጠሩት በቍጥር ሲሆን ቍጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ካርድ 0፥ ሁለተኛው ካርድ 1 ነው። ቍጥሩም የሚሰጠው ሥርዐቱ ካርዶቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በዩኤስቢ የተሰካውን ማዳመጫ ቀድሞ ካገኘው 0 እርሱ ይሆናል፤ ትናንት 0 የነበረው ዛሬ 1 ይሆናል። የአልሳ ደራሲዎች ይህን አውቀው ካርዱን በቍጥር ብቻ ሳይሆን በስም መጥራት እንዲቻልም አድርገዋል።

የዚህን መዘዝ በቅርብ ያየነው ልደታ ውስጥ ባለ አንድ የሥራ ክፍል ነው። ከቦሌ በፊት የከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ እንደ ነበረ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን የካይሮ ጕዞ የጀመረው ከዚያ እንደ ሆነ ይታወቃል። የዚያን ዘመን የሥራ አነጋገር ለመሰብሰብ ሲባል በሰፈሩ ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ትዝታቸውን ለመቅዳት ታሰበ። የተመደበው ወጣት በእጁ የነበረው የአማርኛ መመሪያ «የተሻለው ማይክሮፎን በሁለተኛው የድምፅ መሣሪያ ላይ ይሰካል፤ ሁለተኛውን መሣሪያ ይምረጡ» ይላል። ወጣቱ እንደ ታዘዘው በትእዛዝ መስመሩ ላይ 2 ብሎ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም አለው። ቍጥሩን ትቶ ሲሞክር ሥራው ቀጠለለት። ቀጠለለት ማለት ግን ኮምፒዩተሩ በራሱ ሆድ ውስጥ ባለው ማይክሮፎን መቅዳት ጀመረ ማለት ነው፤ ያም ከነፋስ ማራገቢያው ጐን የተተከለ ነበር። አዛውንቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አወጉ። በተሰማ ጊዜ ከማራገቢያው ጩኸት ሥር የሚሰማው ድምፅ የሩቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሳድሱን ከራብዕ፥ ጠበቅ የሚለውን ከላላ መለየት የማይቻልበት ቦታ ብዙ ነው። አዛውንቱ ዳግመኛ ለመናገር ፈቃደኞች ሆኑ፤ ሁለተኛው ወግ ግን ከመጀመሪያው አጭር ነበር፤ የተነገረ ነገር እንደ ገና ሲነገር ያጥራልና።

ጥፋቱ የወጣቱ አይደለም፤ የአማርኛ አንባቢ «ሁለተኛ» የሚል ቃል ሲያይ 2 ብሎ መጻፉ ተገቢ ነው። የግዕዝ አኃዝ የሚጀምረው ከ፩ ነው፤ የዜሮ ምልክት የለውም። ብዙ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ከዜሮ መቍጠር ለባህላችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ማስረጃችንም ባሕረ ሐሳብ ነው። በባሕረ ሐሳብ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለማግኘት ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው ላይ አንድ ይጐድልና የሚገኘው «ወንበር» ይባላል። 2006 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7506 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 1 ይቀራል፤ አንድ ሲጐድል ወንበሩ አልቦ ነው፤ አበቅቴውም አልቦ ነው። 2006 ከዐሥራ ዘጠኙ ዓመት ዙር የመጀመሪያው ነው፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። 2007 ዓ.ም. ከዙሩ ሁለተኛው ዓመት ሲሆን ወንበሩ 1 ነው። እንግዲህ በዙሩ ውስጥ ያለው ተራና ለስሌት የሚያገለግለው ቍጥር የተለያዩ መሆናቸውን፥ የሁለተኛውም ቍጥር 1 እንደሚሆን የአገራችን ሊቃውንት ኮምፒዩተር ሳይታሰብ ያውቁ ነበር፤ ሁለቱንም በሁለት ስም ለይተው ይጠሯቸዋል። የዩኒክስ መሣሪያ ቍጥር እንደ ወንበሩ ነው፤ «ሁለተኛ» የሚለው ቃል ግን ተራውን ይናገራል። ተርጓሚው የሚሳሳተው ሁለቱን በአንድ ቃል ለመናገር ሲሞክር ነው። «ወንበር»ን ለዚህ ሥራ እንዋስ የሚል ሐሳብ ግን አናቀርብም፤ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ወንበር በጣም ብዙ ነውና።

«ሁለተኛ» ሌላም ጕድለት አለበት፤ ማዕርግን ያመለክታል። ሁለተኛ ደረጃ፥ ሁለተኛ ምድብ ሲባል ከአንደኛው ያነሰ ማለት ነው። በኦፕን ቢኤስዲ የሚሠራበት «ኤስኤንዲአዮዲ» የተባለ የድምፅ አገልጋይ ይህን በግልጽ ያፈርሰዋል። በዚያ ሥርዐት መጀመሪያ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተሠራው ካርድ ይጠቀሳል፤ ቀጥሎ በዩኤስቢ የሚሰካው በተለዋጭነት ይጨመራል። አገልጋዩ ግን ኋላ የተጠቀሰውን ያስቀድማል፤ ማዳመጫው ከተሰካ ድምፁ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ከተነቀለ ብቻ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በተራ ሁለተኛ የሆነው በምርጫ አንደኛ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ተጨማሪው መሣሪያ «ተጠባባቂ» ሊባል አይገባውም፤ እንዲያውም የሚጠብቀው የመጀመሪያው ነው። «ተለዋጭ» የሚለው ቃል ማዕርግ ስለማይሰጥ እርሱን መርጠናል።

ከዚህ ጋር የሚነሣው «ነባሪ» ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳይመርጥ ሥርዐቱ በራሱ የሚጠቀምበትን መሣሪያ የኮምፒዩተር ተርጓሚዎች «ነባሪ» ብለውታል፤ ቃሉም በስልክና በኮምፒዩተር ገበታ ላይ እየተለመደ ሄዷል። ከ«ነባር» ጋር ስለሚቀራረብ ግን አንባቢው የቈየውን፥ አሮጌውን ዕቃ ያስባል። ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ የተሰካ ማዳመጫ «ነባሪ መሣሪያ» ሲባል ጆሮን ይቈረቍራል። ቢሆንም የጸናን ቃል መንቀል ከመትከል ይከብዳል፤ ስለዚህ «ነባሪ» ይቀመጥ፤ በመመሪያው መግቢያ ላይ ግን «ሌላ ካልተመረጠ የሚሠራበት» ተብሎ ይፈታ እንላለን።

አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ፐልስኦዲዮና ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓይፕዋየር የሚጠቀሙባቸው ስያሜዎች የውሃ ስያሜዎች ናቸው፤ ድምፅ የሚገኝበትን መሣሪያ ምንጭ፥ ድምፅ የሚሄድበትን ደግሞ ውሃ እንደሚወርድበት ገንዳ አድርገው ይጠሩታል። የመጀመሪያው በአማርኛ ያለ ምንም ጥረት ይገባል፤ አማርኛ ቀድሞውንም ድምፅን እንደ ውሃ «ይቀዳዋል»ና «ከምንጭ መቅዳት» ተርጓሚው የሚደክምበት ሐረግ አይደለም። ለሁለተኛው «ማፍሰሻ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የፈሰሰ ነገር ግን በአማርኛ የባከነ ነገር ነው፤ «የድምፅ ማፍሰሻ» ቢባል ሰሚው የጠፋ ድምፅ ያስባል። «መውረጃ» ይሻላል፤ ውሃም ዜማም ይወርዳልና።

የሥራ ክፍሉ መመሪያ በዚሁ መሠረት ታርሟል። ቀድሞ «ሁለተኛውን የድምፅ መሣሪያ ይምረጡ» ይል የነበረው መስመር አሁን «ለመቅዳት ተለዋጩን ማይክሮፎን ይምረጡ፤ ቍጥሩ 1 ነው፥ ዜሮ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተሠራው ነውና። ቍጥሩ ከተለወጠ በስሙ ይጥሩት» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ከቀድሞው በሦስት እጥፍ ረዝሟል።